«መዝገቡ ተዘግቷል» የተባለው የትኛው መዝገብ ነው?

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ27 ዓመት ልጅ ነኝ። ኮምቦልቻ አንድ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ስቶር ኪፐር ነበርኩ። ቆጠራ ሲደረግ ቆርቆሮና ብረት ጎደለ ተባለ። ቁልፉ እኔ ጋ ብቻ አልነበረም፤ የተያዝኩት ግን እኔ ነኝ። ማክሰኞ ተይዤ ሐሙስ ፍርድ ቤት ቀረብኩ። ፖሊስ 14 ቀን ጠየቀ፣ 7 ቀን ተፈቀደለት። በሁለተኛው ቀጠሮ ዳኛው በ15 ሺህ ብር ዋስ ለቀቁኝ። ብሩን ያስያዘው አጎቴ ነው። ያን ቀን «መዝገቡ ተዘግቷል» ሲባል በጆሮዬ ሰምቼ ከደስታ ብዛት አለቀስኩ። በሳምንቱ መርማሪው ደወለና «ምርመራው አላለቀም፣ ስንፈልግህ እንጠራሃለን» አለኝ።

ይኸው ሁለት ወር ከሦስት ሳምንት ሆነኝ። ልከሰስ አልከሰስ አላውቅም። አሠሪዬ «ጉዳይህ ሲያልቅ ትመለሳለህ» ብሎ በቃል አሰናበተኝ። አሁን ደግሞ «የጎደለውን ግማሹን እከፍላለሁ ብለህ ፈርምና እንታረቅ» እያለ ሽማግሌ ይልክብኛል። አንድ ሰውዬ በ20 ሺህ ብር ክሱን ላስቀርልህ ብሎኛል። አንዱ ጓደኛዬ 15 ቀን ካለፈ ዐቃቤ ሕግ መክሰስ አይችልም ይላል። ሌላው ወደ ጅቡቲ ውጣ ይለኛል። እናቴ ዱዓ ላይ ናት። ሰው ሁሉ «አብሽር» ይለኛል። እትዬ፣ አብሽር መባል ሰለቸኝ። ስልኬ በጠራ ቁጥር ሆዴ ይገለበጣል። ምን ላድርግ?

ስሜ ይቆይ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

የኔ ልጅ፣

እሺ፣ አብሽር አልልህም። ቃሉ ክፉ ሆኖ አይደለም። እዚህ አገር ለቀብርም አብሽር ነው፣ ፈተና ለወደቀም አብሽር ነው፣ ባጃጁ ለተገለበጠበትም አብሽር ነው። አንተን የቸገረህ ግን ማጽናኛ አይደለም። ወረቀትህ የት እንዳለ አለማወቅህ ነው።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ እንደምታውቁት፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት። ጠበቃ አይደለሁም። ግን በዚያች መስኮት ብዙ ሰው አይቻለሁ። ለውርስ የመጣ ገና ሳይጠይቅ ይቆጣል። ለፍቺ የመጣ በር በሩን ያያል። «ክስ ተከፍቶብኝ ይሆን?» ብሎ የመጣ ሰው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቅ። ጮክ ካለ የተኛውን መዝገብ የሚቀሰቅሰው ይመስለዋል።

ከዋናው ግራ መጋባት እንጀምር። ዳኛውም አልዋሹህም፣ መርማሪውም አልዋሸህም። የሚያወሩት ስለተለያየ መዝገብ ነው።

ፖሊስ ጋ የምርመራ መዝገብ አለ። አንተ የሰጠኸው ቃል፣ የምስክሮች ቃል፣ የቆጠራው ሰነድ እዚያ ውስጥ ነው። ፍርድ ቤት የተከፈተው ደግሞ የጊዜ ቀጠሮ መዝገብ ይባላል። እሱ የተከፈተው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፖሊስ አንተን አስሮ ለማቆየት ፈቃድ እንዲጠይቅበት። ዋስ ጠርተህ ስትወጣ ሥራው አበቃ፣ ተዘጋ። ያለቀስክለት መዝገብ ይኸው ነው። የክስ መዝገብ የሚባለው ሦስተኛው ገና አልተወለደም። ይወለድ አይወለድ የሚወስነው ዐቃቤ ሕግ ነው።

በዚች «ተዘግቷል» በምትባል ቃል የተሳሳትክ የመጀመሪያው ሰው አይደለህም። አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። ልጃቸው በዋስ ሲወጣ መዝገቡ ተዘጋ ተብለው በግ አርደው ጎረቤት አበሉ። የክሱ መጥሪያ ሲመጣ የበጉ ቆዳ ገና አልደረቀም ነበር። እኔ ጋ መጥተው «ልጄ፣ እንዲህ ከሆነ ምን ሊሆን ተዘጋ አላችሁኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ችሎት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሮ ማስረዳት ምን ይከብዳል? ያኔም እላለሁ፣ አሁንም እላለሁ።

አሁን ወደ ጓደኛህ 15 ቀን። ልጁ ፈጥሮ አላወራም፤ ግማሹን ሰምቶ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 109 ላይ 15 ቀን የሚል አለ። ቀኑ የሚቆጠረው ግን አንተ ከተያዝክበት ወይም ከተፈታህበት ቀን አይደለም። ፖሊስ ምርመራውን ጨርሶ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ካስረከበበት ቀን ነው። በአንተ ጉዳይ መዝገቡ ከፖሊስ እጅ ወጥቶ እንደሆነ እንኳ አናውቅም። ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ አንብቦ «ይህ ይጎድለዋል፣ ይህ ምስክር ይጨመር» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ የተመላለሰ መዝገብ አይቻለሁ። ቀኑ ስላለፈ ብቻም ክስ አይሞትም። ክስን የሚገድለው ይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለመክሰስ የሚሰጠው የጊዜ ገደብ ነው፤ እሱ የሚቆጠረው በዓመታት ነው። 15 ቀኑ ይበልጥ የሚጠቅመው ታስሮ ለሚጠብቅ ሰው ነው፤ ዋስትና ሲጠይቅ የሚከራከርበት ነጥብ ይሆነዋል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ቀን መቁጠር ተው።

ዐቃቤ ሕግ መዝገቡ ሲደርሰው ይከሳል፣ ወይም ለተጨማሪ ምርመራ ይመልሳል፣ ወይም ማስረጃው ለክስ አይበቃም ብሎ ይተወዋል። የመጨረሻውን የቤቱ ሰዎች «በ42 ተዘጋ» ይሉታል፣ የሕጉን ቁጥር ይዘው። አልከስም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስፈር አለበት። አንተ መስማት ያለብህ «ተዘጋ» ይህኛው ነው። እሱም ቢሆን አዲስ ማስረጃ ከተገኘ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ግን በዚያ ቀን በግ ብታርድ አልቆጣህም።

አሁን የምትሠራውን ልንገርህ። መርማሪውን በየቀኑ መደወል አቁም። «ጉዳዬ ምን ደረሰ?» ብለህም አትጠይቀው፤ ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «በሂደት ላይ ነው» ነው። በአካል ሄደህ፣ ቀብረር ሳትል፣ ሳትለማመጥም፣ እንዲህ በል፦ «የምርመራ መዝገቡ ቁጥር ስንት ነው? ለዐቃቤ ሕግ ተልኳል ወይ? ከተላከ መቼ?» ቁጥር ያለው ጥያቄ ቁጥር ያለው መልስ ያመጣል። ተልኳል ካለህ ያንን ቁጥር ይዘህ ዐቃቤ ሕግ መዝገብ ቤት ሂድ። እነሱም የራሳቸው ቁጥር አላቸው፣ ጻፈው። ከዚያ በኋላ በ15 ቀን አንዴ ብትጠይቅ ይበቃል። ደብተር ግዛ። የሄድክበትን ቀን፣ ያነጋገርከውን ሰው፣ የተባልከውን ጻፍበት። ስልክ ቁጥር ወይም ቤት ከቀየርክ አሳውቅ፤ መጥሪያ ፈልጎ ያጣህ ፖሊስ «ተሰወረ» ብሎ ነው የሚጽፈው።

ሰዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ምርመራው አላለቀም ማለት ለአንተም በሩ አልተዘጋም ማለት ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ብቻ አልነበረም ብለሃል። ይህን ለእኔ ከነገርከኝ ለመርማሪው ነግረሃል? ቃልህ ላይ ሰፍሯል? ተይዞ የደነገጠ ሰው ዋናውን ነገር ሳይናገር ፈርሞ ይወጣል፤ ስንቱን አይቻለሁ። ቁልፍ የያዙት እነማን እንደሆኑ፣ ርክክብ በወረቀት ይደረግ እንደነበር፣ ዕቃ ሲወጣ ማዘዣውን ማን እንደሚፈርም፣ ከዚህ በፊት ቆጠራ መቼ እንደተደረገ፣ ሁሉንም በአንድ ገጽ ጻፍና ለመርማሪው አመልክት። መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ጋ ከሄደም እዚያ አቤቱታ ማስገባት ትችላለህ። አንድ ኮፒ ላይ «ደርሶናል» አስብለህ አስቀር። ምስክር ይሆናሉ የተባሉትን የሥራ ባልደረቦችህን ግን ራስህ እየደወልክ አታነጋግር። ለጠብም አይሁን ለልመና፣ «ምስክር ሊያባብል ነው» ይባልና ዋስትናህን ሊያሳጣህ ይችላል።

ይህን ሁሉ ብቻህን መጻፍ ከከበደህ ጠበቃ ለአንድ ጊዜ አማክር። አቅም ከሌለህ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለው፤ ሐረጎን አቋርጠህ ደሴ ስትወጣ ጎራ በልና ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥ ካለ ጠይቅ። ለመጠየቅ የታክሲ ብር ብቻ ነው የሚወጣብህ።

የደብዳቤህን አንድ መስመር ሳነብ ግን ከተቀመጥኩበት ነው የተነሳሁት። ሌሎቹ ጥያቄዎችህ ሳምንት ይቆያሉ፣ ይህኛው አይቆይም። አሠሪህ «ጉዳይህ ሲያልቅ ትመለሳለህ» ብሎ በቃል አሰናብቶህ ሁለት ወር ከሦስት ሳምንት ሆኗል። አንተ የወንጀሉን ጉዳይ ስትጠብቅ ሌላ ሰዓት እየቆጠረብህ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ያላግባብ ከሥራ የተሰናበተ ሰው «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብሎ መጠየቅ የሚችለው በ3 ወር ውስጥ ነው። ለማጣራት ብሎ ማገድም ቢሆን ከ30 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም። ነገ የቅጥር ክርክር ቢነሳ አሠሪህ «ያኔውኑ አሰናብቼዋለሁ፣ ጊዜው አልፎበታል» ቢል ምን ትላለህ? ምስክርህ ማነው? «ትመለሳለህ» ያለህን ማን ሰማ?

ስለዚህ በዚህ ሳምንት፣ ደግሜ እልሃለሁ፣ በዚህ ሳምንት፣ ሥራ ላይ ለመገኘት ዝግጁ መሆንህንና ያለህበት ሁኔታ በጽሑፍ እንዲገለጽልህ የምትጠይቅ ደብዳቤ ጽፈህ አስገባ። አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ላከው፣ ደረሰኙን ያዝ። በዚያው ሳምንት የሥራ ክርክር የሚያይ ፍርድ ቤት ሄደህ ክስ ስለማስገባት ጠይቅ። ደብዳቤው ብቻውን ሰዓቱን አያቆምልህም። «የወንጀሉ ሳያልቅ እንዴት እከሰዋለሁ?» እንዳትለኝ። ሁለቱ የየራሳቸው መንገድ አላቸው።

ሽማግሌ መላኩን በተመለከተ። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፣ ሽምግልናን አልነቅፍም። ደም የደረቀበትን ነገር ሽማግሌ ሲያበርደው አይቻለሁ። ነገር ግን የተጠየቅከው ዕርቅ አይደለም፤ ፊርማ ነው። «የጎደለውን ግማሹን እከፍላለሁ» ብለህ የፈረምክባት ወረቀት ነገ መዝገቡ ውስጥ ትገባለች። ያኔ «ለሰላም ብዬ ነው» ብትል ማን ያምንሃል? ወስዷል ማለት ነው ይሉሃል። ደግሞ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች አሉ፤ በእነሱ ተበዳይ ሲታረቅ ነገሩ ይቆማል። በሌሎቹ ግን የእናንተ መታረቅ ዐቃቤ ሕጉን አያስረውም። ብሩንም ከፍለህ ልትከሰስ ትችላለህ። የተጠረጠርክበት የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳታውቅ፣ የሕግ ሰው ሳያነብልህ፣ ምንም አትፈርም። ሽማግሌዎቹን አክብረህ፣ ቡና አጠጥተህ፣ «አባቶቼ፣ ያልወሰድኩትን ወሰድኩ ብዬ አልፈርምም» በላቸው። አይቀየሙህም። ቢቀየሙም ይለፍላቸዋል።

የ20 ሺህ ብሩን ሰውዬ አውቀዋለሁ። ማለቴ እሱን ባላውቀው ወንድሞቹን አውቃለሁ። ፍርድ ቤት አካባቢ ማኪያቶ ይዞ የሚቀመጥ፣ ዐቃቤ ሕጉን በቁልምጫ የሚጠራ ዓይነት ነው። ንግዱ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ፣ ቀላል ነው። ከአሥር ተጠርጣሪ ይቀበላል እንበል። ከአሥሩ የተወሰኑት እሱ ኖረም አልኖረ ማስረጃ ስለጎደለ አይከሰሱም። ለእነዚያ «አላልኩህም?» ይላል። ዝናው የሚነዛው በእነሱ ነው። የተከሰሱትን ደግሞ «ከላይ መጥቶብን ነው» ይላቸዋል፣ ወይም ስልኩን ያጠፋል። ሄደው እንዳይከሱት ራሳቸው ጉቦ ሊሰጡ ነበር። አየህ? ዋናው መያዣው ይኸው ፍርሃታቸው ነው። እውነት የሚያደርሰው ሰው ቢኖረው ደግሞ ይባስ፤ ዛሬ የሌለብህ ወንጀል ያኔ ይኖርብሃል። ቁጥሩን አጥፋው።

ጅቡቲ የሚልህ ጓደኛህ ምናልባት አዝኖልህ ነው። የዚያ መንገድ ወሬ ከአንተ ሰፈርም ከእኔ ሰፈርም አይጠፋም። ግን የመንገዱን አደጋ እንተወውና አጎትህን አስብ። ቀርበህ ካልተገኘህ ያ 15 ሺህ ብር ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። አንተም ንጹሕ ሆነህ እንደ ጥፋተኛ ትፈለጋለህ። ሰው ለምን እንደሄድክ አይጠይቅም፤ ሄደ ነው የሚል።

ክስ ቢመጣስ? በደብዳቤህ ይህን አልጠየቅክም፣ ፈርተህ ይመስለኛል። መጥሪያ ይደርስሃል። በቀኑ ትቀርባለህ። ክሱ በጽሑፍ ይሰጥሃል፤ ይህ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የሰፈረ መብትህ ነው። የቀረበብህን ማስረጃም ታያለህ። ያኔ ቢያንስ የምትታገለውን ታውቃለህ። ጠበቃ ማቆም ካልቻልክ በግልጽ ለዳኛው ተናገር፣ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብልህ ጠይቅ። ዋስትናህም እንዲቀጥል አመልክት። መከሰስ ጥፋተኛ መባል አይደለም። ክስ ተመሥርቶባቸው ምስክር ከተሰማ በኋላ መከላከል እንኳ ሳያስፈልጋቸው በነጻ የወጡ ሰዎችን መዝገብ በእጄ ነው የመለስኩት።

ስለ ጭንቀትህ። ይህን የምነግርህ ከመስኮቱ ማዶ ሆኜ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ በአንድ ወቅት እንዲሁ ጠብቋል። እኔ መዝገብ ቤት እየሠራሁ የእሱን መዝገብ ሄጄ ማየት አልችልም ነበር፣ ነውር ነው። እሱ ሸዋ በር ካለው ቤታችን ሳይወጣ መጋረጃ ዘግቶ አራት ወር ተቀመጠ። ሰው ያየኛል እያለ። በአምስተኛው ወር አይከሰስም ተባለ። ያን ቀን ሊደሰት አልቻለም፤ ፀጉሩ አድጎ፣ ጓደኛ ርቆት፣ ደንበኛ አጥቶ ነበር የጠበቀው። እኔ ዛሬም የሚያንገበግበኝ የመዝገቡ መዘግየት አይደለም፤ ያ መጋረጃ ነው።

አንተም ደብዳቤህ ውስጥ ስለ ሥራህ፣ ስለ እናትህ፣ ስለ አጎትህ ጽፈሃል። ቀን ቀን ምን እንደምትሠራ ግን አንድ ቃል የለም። የሰው ሱቅ ውስጥም ይሁን፣ ዕቃ ማውረድም ይሁን፣ የቀን ሥራ ያዝ። ዋስትናህ ሥራ አይከለክልህም። የሰው ዓይን የሚከብደው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰው የራሱ የኑሮ ውድነት አለበት። ስልኩን በተመለከተ፣ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለመጥሪያ ብሎ የሚደውልልህ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ድምፁን አጥፍተህ ለእናትህ ስጣት። ጠዋት ትመልስልሃለች። እሷ ዱዓዋን ትቀጥል፣ እኔም በበኩሌ ለማርያም እነግርልሃለሁ። በሁለቱም በኩል ይዘንልሃል።

አንድ የረሳሁት። አጎትህ ብሩን ሲያስይዝ የተሰጠው ደረሰኝ የት ነው? ጉዳዩ በሰላም ሲያልቅ ገንዘቡ የሚመለሰው ዋስትናው ለተያዘበት ፍርድ ቤት አመልክቶ ነው፤ ያኔ ዋናው ደረሰኝ ይጠየቃል። ዛሬውኑ ፈልጉት፣ ፎቶ አንሱት፣ ዋናውን ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጡት። የአሠሪህን ደብዳቤ ስታስገባና የመዝገብ ቁጥሩን ስታገኝ ደግሞ ሁለት መስመር ጻፍልኝ።